«ትንሽ አጀስት» ባዩ ኒጋም

ሰው በአንድ ቃል ብቻ ዕድሜውን ሊገፋ እንደሚችል ያየሁት በጎረቤቴ በጊሪጃ ሻንካር ኒጋም ነው። ቃሏ «አጀስት» ናት፤ ጠጋ በል፣ እንደምንም ቻለው ማለት ነው። እንግሊዞች ሕንድን ሲለቁ ጥለውልን ከሄዱት ዕቃ ሁሉ እንደ እሷ ያገለገለን የለም። ለሦስት ሰው በተሠራ የባቡር ወንበር ላይ አራተኛው ይመጣና ግማሽ መቀመጫውን አስገብቶ «ትንሽ አጀስት» ይላል። ሦስቱ እየተነጫነጩ ይጠጋጋሉ። አምስተኛው ይመጣል፤ እሱም ያችኑ ይላል። መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ያጠረው የመጀመሪያው ሰውዬ «ኧረ በቃ!» ካለ ክፉው እሱ ይሆናል። እኔ ይህችን ቃል ጠልቻታለሁ።

ኒጋም ሠላሳ አራት ዓመት የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። እኔ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ማስተር ጂ» ይለኛል። ካንፑር ውስጥ በአንድ ደረጃ ላይ፣ በር ለበር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረናል። ስለዚህ የማወራላችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በሥራው አቻ አልነበረውም። አንድ የሠርግ ወር አብሬው ስጓዝ ዳሌዋን የሚያማት አሮጊት የላይኛው አልጋ ደርሷት መተላለፊያው ላይ ቆማ ታለቅሳለች። የታችኛው አልጋ ላይ አንድ ወፍራም የእህል ነጋዴ ተዘርግቷል። ሌላ ተቆጣጣሪ ቢሆን ወይ ይጮህበታል ወይ አላየሁም ብሎ ያልፋል። ኒጋም ግን አጎነበሰና፣ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ምን በወጣው ምድር ቤት ይተኛል? ጌታ ሰው ፎቅ ላይ አይደለም እንዴ የሚኖረው?» አለው። ነጋዴው እስኪያስለው ሳቀ። «አንተ ሌባ፣ አፍህ ጥሩ ነው» ብሎ ቦርጩን እየጎተተ ወጣ። አሮጊቷ ኒጋምን መረቀችው። ጉቦ አይበላም ነበር፣ ከሻይ በቀር። ያን ቀን ወደድኩት፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም።

ጡረታ ከወጣን በኋላ ጠዋት ጠዋት ከሕንፃችን ሥር፣ ከኒሙ ዛፍ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አንድ ጋዜጣ ለሁለት እናነብ ነበር። እሱ የፊቱን ገጽ፣ እኔ የኋላውን፤ ከዚያ እንቀያየራለን። አገር እንዴት እንደምትተዳደር ከዚያ አግዳሚ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ሪባኑ ሳይቆረጥ የተናደ ድልድይ እናነባለን። ሌላ ቀን ተፈታኞቹ ክፍል ሳይገቡ በስልክ የተቸበቸበ የፈተና ወረቀት። አንድ ጊዜ ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው ተባለና በእኛው መንገድ ዳር ያሉት የላስቲክ ጎጆዎች በአረንጓዴ ሸራ ተጋረዱ። አስፋልቱም በሁለት ቀን ለበሰ። ትልቁ ሰው በጥቁር መስታወት ውስጥ ሆኖ እልም አለ። ሸራው በማግስቱ ተጠቅልሎ ተወሰደ፤ አስፋልቱን ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ወሰደው።

«ሌቦች!» ይላል ኒጋም፣ ትኩሱን ሻይ የስኒ ማስቀመጫው ላይ እየገለበጠ። «ግን ጥፋቱ የሕዝቡ ነው ማስተር ጂ። ሁሉን ይችላል! ፊት ለፊት ቆሞ እምቢ የሚል አንድ ወንድ ይጥፋ?»

«አንተ አለህ አይደል?» እለዋለሁ።

«እኔማ ጡረተኛ ነኝ።»

በዚህ እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቀው ነገር አይታየኝም።

የደረጃችንን ነገር ልንገራችሁና ኒጋምን ትረዱታላችሁ። ጉንጫቸውን ፓን በሚባል የሚታኘክ ቅጠል ወጥረው የሚወጡ የሚወርዱ ሰዎች የደረጃውን ጥግ ሁሉ በቀይ ምራቅ ቀብተውት ነበር። ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ማስታወቂያው ላይ ተፉበት። የሕንፃው ኮሚቴ ሲሰበሰብ ኒጋም ብልሃት አመጣ፦ የአማልክት ሥዕል ያለበት ንጣፍ በየጥጉ ይለጠፍ፤ ማን ደፍሮ አምላኩ ላይ ይተፋል? ተለጠፈ። አንድ ሳምንት ሙሉ ደረጃው ጸዳ። በሁለተኛው ሳምንት ከሥዕሉ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ መትፋት ተጀመረ። እኔ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠርተን እናሳፍራቸው አልኩ። ኒጋም ግን ሳቀና «ተወው እባክህ፣ አምላክም ትንሽ አጀስት ያድርግ» አለ። እስከ ዛሬ አፍንጫዬን ይዤ ነው የምወርደው።

አንድ ዓመት በሌላ ከተማ አንዲት ሙሽራ የባሏ ቤተሰቦች ገደሏት የሚል ወሬ አገሩን አናወጠው። የእኛም ሰፈር ሻማ ይዞ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ኒጋም ከፊት ረድፍ ሆኖ «ልጆቻችን ሸክም አይደሉም!» የሚል ጽሑፍ ተሸክሞ ነበር፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣለት። ሚስቱ ሳሮጅ ቆርጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። እኔም ሄጄ ነበር፤ ለእኔ የተረፈኝ ጫማዬ ላይ የቀለጠ ሻማ ነው።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ ቫርቲካ። እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው ያደገችው። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነች፤ ሥራዋን ትወድ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቷ ላክናው ከተማ ላሉት የካሬ ቤተሰብ ልጅ ለፕራናይ ተዳረች። አማትየው ኦምካር ካሬ ሊጠይቅ ሲመጣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኛ ምንም አንፈልግም፣ ልጅቷን ብቻ» አለ። ሕጉ ጥሎሽ ይከለክላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ጥሎሹን የሚጥለው የሴቷ አባት ነው። ሠርጉ ሲቃረብ ከላክናው በስልክ «ለልጃችሁ ምቾት ያህል» የሚል ዝርዝር መጣ። አልጋ፣ ማቀዝቀዣ፣ መኪና። ኒጋም ሁሉንም ሰጠ። መኪናዋ ግን ትንሽ ነበረች። ካሬዎች ያችን ትንሽነቷን አልረሱም።

«የሴት ልጅ ቤት ውኃ አይጠጣም» የሚል የቆየ ደንብ አለን። ልጁን የዳረ አባት በአማቾቹ ቤት እህል ውኃ አይቀምስም፤ ነውር ነው። ኒጋም ይህን ደንብ አጥብቆ ይይዛል። ሦስት ጊዜ ላክናው ሄዶ ጠየቃት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጉሮሮው ሲደርቅ ተነስቶ ወጣ። ውኃ በማይጠጣበት ቤት ሰው ምን ያህል ይቀመጣል? ያችን ግማሽ ሰዓት ልጅቷ አዲስ ሳሪ ለብሳ፣ ፈገግ ብላ፣ ከአማቷ ጎን ትቀመጣለች። እሱም ተመልሶ «ደስተኛ ናት፣ ትንሽ ከስታለች እንጂ» ይለናል። ሥራዋን እንድትተው እንዳደረጓት እንኳ የሰማነው ከሌላ ሰው ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሆሊ የሚባለው የቀለም በዓላችን ሳምንት ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ በሬን ከፍቼ ስወጣ ቫርቲካ በአንድ እጇ ሻንጣ አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወጣ አገኘኋት።

«ማስተር ጂ፣ አባዬ አለ?»

«አለ። እጅሽ ምን ሆነ?» የግራ አንጓዋ በልዞ ጠቁሯል።

«በር ነው» አለች። ቀጥሎ ፊቴን አየችና «በር አይደለም» አለች።

ያን ቀን ቁጭ ብላ ለአባትና እናቷ ሁሉን ነገረቻቸው፤ እኔም ነበርኩ። አማቷ በምግብ ሰዓት ስለ ትልቅ መኪና እያነሳ አባቷን ይሰድባል፤ ፕራናይ ደግሞ አባቱ የጀመረውን በእጁ ይጨርሳል። «አልመለስም» አለች። «የድሮ ሥራዬ ቦታ ደውዬ ነበር፤ ይቀበሉኛል። እዚሁ ከእናንተ ጋር ልኑር። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ሳሮጅ ዓይኗን በሳሪዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «እኔስ በመጀመሪያው ዓመት ስንቴ አለቀስኩ መሰለሽ፤ ያልፋል» አለቻት። እኔ ኒጋምን አየሁት። ለአንድ ነጋዴ መላ ያላጣ ሰውዬ ለልጁ አንድ ቃል ብቻ ነው ያገኘላት።

«ልጄ፣ ሰው ነገር ሁሉ እንደፈለገው አይሆንለትም። ትንሽ አጀስት ማድረግ ነው። እኔ ባቡር ላይ ስንት ዓይነት ሰው…»

«ባቡር እኮ ፌርማታ አለው አባዬ። ሰው ይወርዳል።»

ሦስት ቀን ቤታቸው ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ። ከታች ፎቅ ያሉት ሴቶች ስኳር ሊበደሩ የመጡ እየመሰሉ በር ያንኳኳሉ። ያ ሻማ ተሸክሞ የጮኸ ሰፈር ሁሉ አሁን «ምን አድርጋ ይሆን?» ይላል። ኒጋም ጋዜጣውን እንኳ ሊያነብ አልወረደም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ሰው ጎረቤቴ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

እሑድ ኦምካር ካሬ ከላክናው መጣ፣ ጠበቃ ያዘጋጀው ቴምብር የተለጠፈበት ወረቀት ይዞ። ሳሮጅ ሳምቡሳ ጠበሰች። ኒጋም ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊነካ ሲል ካሬ «ተው ወንድሜ፣ ተው» እያለ እግሩን ግን አልሰበሰበም። በአራት ጣቱ ሳምቡሳ እየሰበረ፣ በዘይት በወዛ ከንፈሩ ስለ ትዕግሥት ሰበከን። 

«ልጆች ናቸው፤ ይጣላሉ ይታረቃሉ» አለ። «እኛ ሽማግሌዎች ካልሸፈንነው ማን ይሸፍነዋል? ይኸው ስምምነት አስጽፌአለሁ። አንተ ትፈርማለህ፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ማስተር ጂም ምስክር ይሆኑናል። የተማረ ሰው ፊርማ ክብር አለው።»

ወረቀቱን መጀመሪያ ያነበበው ኒጋም ነው። ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ ወረደ፤ አራተኛው ቁጥር ላይ ጣቱ ቆመ። ከዚያ ለእኔ አሳለፈው። አንደኛው፣ ልጅቷ ወደ ባሏ ቤት ትመለሳለች ይላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስለ መከባበር ነው። አራተኛው፦ «ልጅቷ ስትናደድ ራሷን የመጉዳት ልማድ ያላት መሆኑን ቤተሰቦቿ ያውቃሉ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ይህ ምንድን ነው?» አልኩ። «እንዲህ ያለ ልማድ የላትም። ያሳደግናት እኛ ነን።»

«ኧረ ማስተር ጂ!» ካሬ ሳቀ። «የጠበቃ ቋንቋ ነው። እነሱ እንዲህ እንዲህ ካልጻፉ ምን ብለው ገንዘብ ይቀበላሉ? ማን ያየዋል ብለው ነው?»

ኒጋም ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጫን አደረገው። «ማስተር ጂ፣ ለልጅቷ ስትል» አለ ቀስ ብሎ። «ትንሽ አጀስት አድርግ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለልጆች «ሳታነቡ አትፈርሙ» ብያለሁ። አንብቦ የሚፈርም ሰው የባሰ እንደሆነ ግን አላስተማርኳቸውም። ቀኑ መሽቶብኝ አልነበረም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ደከመኝ። የቤቱ ጭንቀት እንዲያልቅ ፈለግኩ። ደግሞም «የተማረ ሰው ፊርማ» መባሉ ሳይጣፍጠኝ አልቀረም። ፈረምኩ።

በዚህ መሐል ቫርቲካ ከወጥ ቤት ሻይ ይዛ መጣች። ትሪውን አስቀምጣ ወረቀቱን ከላይ አየችው፤ ሦስት ፊርማ አለበት። «የእኔ መፈረሚያ የቱ ጋ ነው?» አለች።

ካሬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ፣ «ልጄ፣ አንቺ የቤታችን መብራት ነሽ፤ መብራት ይፈርማል እንዴ?» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል።

እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ «ማስተር ጂ፣ እርስዎም ፈርመዋል?» አለችኝ።

«ፈርሜያለሁ።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው የማይሆን ነገር አልተጻፈበትም ማለት ነው» አለችና ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ገባች። ያን ጊዜ ተነስቼ «ቆይ» ማለት እችል ነበር። ሻዬን ጠጣሁ።

ወደ ባሏ ቤት በተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ከላክናው ተደወለ። የደወለችው የካሬዎች ጎረቤት ናት፤ ቫርቲካን ሆስፒታል ያደረሰቻትም እሷ ናት። እኔና ኒጋም በመጀመሪያው ባቡር ሄድን። 

ከሰዓት በኋላ ደረስን። የቫርቲካ ግራ ክንድ እስከ ትከሻዋ በጄሶ ታስሯል፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። አጠገቧ አንዲት ወጣት የፖሊስ መርማሪ ክሊፕ ያለው ሰሌዳ ይዛ ቆማለች። ካሬዎች ከእኛ ቀድመው መጥተው ሄደዋል። ያ ወረቀት ኮፒ ተደርጎ መርማሪዋ እጅ ላይ ነው።

«እሷ ባሌ ገፋኝ፣ ክንዴን ጠመዘዘኝ ትላለች» አለች መርማሪዋ። «የባል ወገን ደግሞ ራሷን ነው ከደረጃ የወረወረችው ይላል። ልማዷ መሆኑን የገዛ አባቷ አምኖ ፈርሟል ብለው ይህን ሰጡኝ።» አራተኛውን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበችው። «ሦስተኛው ፊርማ፣ የምስክሩ፣ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ።

ቫርቲካ በቀረው ዓይኗ አየችኝ። «ማስተር ጂ፣ አንብበውት ነበር?»

ኒጋም ቀደመኝ። «አላነበበውም ልጄ! መነጽሩን አልያዘም ነበር። ካሬ አጣድፎን ነው፤ እኔም አላነበብኩት። ተታለልን!»

መነጽሬ ያን እሑድ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ኒጋም ለእኔም መቀመጫ እያዘጋጀልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ጠጋ ብል የሚበቃ መቀመጫ ነበር።

«አንብቤዋለሁ» አልኩ። «ሁለት ጊዜ። ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «አባቴ፣ የሚሉትን ያስቡበት። እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ በሐሰት በመመስከር እርስዎም ይጠየቃሉ። ‹አላስታውስም› ቢሉኝ ሁላችንም እናርፋለን።»

ኒጋም እጅጌዬን ያዘ። «ማስተር ጂ፣ በዚህ ዕድሜህ ፍርድ ቤት ልትንከራተት ነው? ጡረታህስ? እባክህ፣ ትንሽ…» አለና የልጁን ዓይን አይቶ ቃሏን ሳይጨርሳት ቀረ።

«ጻፊው» አልኳት መርማሪዋን።

ከቫርቲካ አንድ መልካም ነገር ጠብቄ ነበር፤ ምን ያስደብቀኛል። እዚያ አልጋ ላይ ሆና እንኳ እንድታመሰግነኝ መጠበቄ እስከ ዛሬ ራሴን ያስጠላኛል። እሷ አላየችኝም። ወደ መርማሪዋ ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ስለነበር ያማታል።

«እህቴ፣ ሙሉ ስማቸውን ሳታሳስቺ ጻፊው። ከዚያ የአባቴንም ጻፊ።»

«አባትሽ አላነበብኩም ብለዋል እኮ።»

«አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ወረቀት ሳያነብ አንድም ሰው አሳልፎ አያውቅም።»

ኒጋም አጠገቤ ቆሟል። መርማሪዋ አዲስ መስመር ጀመረችና ቀና አለች።

«የአባት ሙሉ ስም?» አለችው።

እጅጌዬን ለቀቀና ወደ በሩ አየ። መርማሪዋ ደግማ ጠየቀችው።

ስሙን የነገረቻት ቫርቲካ ናት።